ስፕሊት አልወርድም፣ ድምፄም ይዘጋል፤ ለቺርሊደር ምርጫ እንዴት ልዘጋጅ?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ትምህርት ቤታችን ሜክሲኮ አካባቢ ነው። የምንኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ላይ ነው። ዘንድሮ ለክፍል ለክፍል የእግር ኳስ ውድድር የቺርሊደር ቡድን፣ ማለትም ሜዳ ዳር ሆኖ ደጋፊውን በጩኸትና በእንቅስቃሴ የሚያነቃቃ ቡድን፣ ሊቋቋም ነው። የሚመረጡት 12 ልጆች ብቻ ናቸው። ምርጫው ከ5 ሳምንት በኋላ ነው። እኔ ስፕሊት አልወርድም፤ እግሮቼን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ዘርግቼ መሬት ላይ መቀመጥ አልችልም። ትንሽ ስጮህ ድምፄ ይዘጋል። ቤት ውስጥ ስዘል ከታች ያሉት ጎረቤቶች በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያውን ያንኳኳሉ። እናቴ ደግሞ ‹ሰው ፊት ስትዘዪ ምን ይሉሻል› ትለኛለች። ጓደኞቼ ቲክቶክ ላይ እያዩ ይገለባበጣሉ። እኔ ዕድል አለኝ? ከየት ልጀምር?»

መልስ፦ ዕድል አለሽ፣ የኔ ልጅ። ደግሞ ጥሩ ዕድል ነው ያለሽ።

በልጅነቴ ጅምናስቲክስ ሠርቻለሁ። አሁን የስፖርት መምህርት ነኝ። እንዲህ ዓይነት ምርጫ ሲኖር ከዳኞቹ ወንበር አንዱ ላይ ብዙ ጊዜ ተቀምጫለሁ። ከዚያ ሆኜ ያየሁትን ልንገርሽ። ስፕሊት የወረደች ልጅ ይጨበጨብላታል። ስንመርጥ ግን ወረቀታችን ላይ የሚቀረው ብዙ ጊዜ የሌላዋ ልጅ ቁጥር ነው። ክንዷ ቀጥ ብሎ የሚቆም፣ ድምጿ ከሜዳው ማዶ የሚሰማ፣ ስትሳሳት ፊቷ የማይለዋወጥ ልጅ። እነዚህ ሦስቱ በ5 ሳምንት ይለመዳሉ። ስፕሊት ግን በ5 ሳምንት ላይመጣ ይችላል። ስለዚህ ጊዜሽን የት እንደምታፈሺው አሁኑኑ ወስኚ።

ነገሩ ከመነሻውም የድምፅ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1898 አሜሪካ ውስጥ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አንድ የእግር ኳስ ግጥሚያ ነበር፤ የነሱው የአሜሪካ ፉትቦል ማለት ነው። ጆኒ ካምቤል የሚባል ተማሪ ከተመልካቹ ፊት ወጣና ሕዝቡን በአንድ ድምፅ አስጮኸው። ቺርሊዲንግ የተጀመረው በዚህ ነው ይባላል። አልተገለበጠም፣ ማንንም ትከሻው ላይ አላወጣም። በኛ አነጋገር አስጨፋሪ ነበር ማለት ነው። አዲስ አበባ ስታዲየም ገብተሽ የምታውቂ ከሆነ አስጨፋሪዎቹን አይተሻል። ጀርባቸውን ለሜዳው ሰጥተው፣ ፊታቸውን ወደ ደጋፊው አዙረው ነው የሚውሉት። ሥራቸው ሕዝቡን ማንቀሳቀስ ስለሆነ ነው። ሴቶች በዚያው ዩኒቨርሲቲ የገቡት ቆይተው፣ እ.ኤ.አ. በ1923 ነው። መገለባበጡና መሸካከሙ ከዚያ ወዲህ ቀስ በቀስ እየተጨመረ የመጣ ነው።

ይህን የምነግርሽ ታሪክ ላስተምርሽ ብዬ ብቻ አይደለም። የምርጫ ቀን መምህራችሁ በልባቸው የሚጠይቁት ጥያቄ አንድ ነው። «ይቺን ልጅ ሜዳው ዳር ባቆማት የ10ኛ ክፍል ተማሪ አብሯት ይጮሃል ወይ?» ልምምድሽ ሁሉ ለዚህ ጥያቄ መልስ ይሁን።

እንግዲህ ከክንድ እንጀምር።

መስታወት ፊት ቁሚ። ጡጫሽን ጨብጪ። አውራ ጣትሽ ከውጭ ይሁን፣ ጣቶችሽ ላይ ተሻግሮ ይረፍ። ውስጥ ከተደበቀ ሊጎዳ ይችላል፣ ጡጫሽም ከሩቅ ሲታይ አያምርም። የእጅሽ አንጓ እንደ ሲኒ ጆሮ አይታጠፍ። ከክርን እስከ ጡጫ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ነው የምንፈልገው። አሁን ሁለቱን ክንዶችሽን ወደ ላይ ከፍተሽ ዘርጊ። ይኼ ሃይ ቪ ይባላል። ዓይንሽ ወደ ፊት እያየ፣ ጭንቅላትሽን ሳታዞሪ፣ ሁለቱን ጡጫዎችሽን በዓይንሽ ጥግ ማየት አለብሽ። ካላየሻቸው ክንድሽ ወደ ኋላ ሄዷል። ያን ጊዜ ወገብሽ ይታጠፋል፣ ሆድሽ ወደ ፊት ይወጣል፣ ከሩቅ የሚያይሽ ሰው ልትወድቂ ይመስለዋል። ትንሽ ወደ ፊት አምጪው። እዚያው ያዢው። 8 ቁጠሪ።

በዚሁ መንገድ ወደ ታች የሚከፈተውን ሎው ቪ፣ ወደ ጎን የሚዘረጋውን ቲ፣ ሁለቱም ክንዶች ጆሮ አጠገብ ቀጥ ብለው የሚቆሙበትን ታችዳውን ተለማመጂ። ለመጀመሪያው ሳምንት እነዚህ አራቱ ይበቁሻል። ከአንዱ ወደ ሌላው ስትሄጂ ክንድሽ አጭሩን መንገድ ይሂድ። ብዙ ልጆች ክንዳቸውን እንደ ወንጭፍ ያዞሩታል። በክብ የሄደ ክንድ ዘግይቶ ይደርሳል፣ ከጎንሽ ያለችውንም ልጅ ይመታል።

አንድ ነገር ደጋግሜ ስላየሁ በተለይ ልንገርሽ። እኛ እስክስታ እያየን፣ እስክስታ እየወረድን ያደግን ልጆች ነን። ትከሻችን ዝም ብሎ መቆም አልለመደም። ክንዱ ቦታው ከደረሰ በኋላ ትከሻው አንዴ ይነጥራል። ልጅቷ አይታወቃትም። ከፊት ለሚያይ ግን መላ ቡድኑ ቆሞ እሷ ብቻ ስትንቀሳቀስ ትታያለች። እስክስታው ጥፋት ሆኖ አይደለም። እንዲያውም ዳንሱ ላይ ምት ለመያዝ በጣም ይጠቅምሻል። እዚህ ጋ ግን ትከሻሽን ወደ ታች ጎተት አድርገሽ መቆለፍ አለብሽ። ነጥሮ እንደሆነ የምታውቂው በስልክ ነው። ስልኩን መጽሐፍ ላይ አስደግፊና ራስሽን ቅረጪ። ከዚያ ቪዲዮውን አዘግይተሽ እዪው። መጀመሪያ ቀን ስታዪው ትደነግጪያለሽ። በ10ኛው ቀን ልዩነቱን አንቺው ታዪዋለሽ።

ክንድሽ ቶሎ የሚደክም ከሆነ ሁለት የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውኃ ያዢ። በዝግታ ከሎው ቪ ወደ ቲ፣ ከቲ ወደ ሃይ ቪ አውጪ፣ እንዲሁ መልሺ። 10 ጊዜ። ውኃውን ይዘሽ ግን በፍጥነት እንዳትወነጭፊ፤ ትከሻሽን ታሳምሚያለሽ። ከዚያ ሃይላንዱን አስቀምጪና ባዶ እጅሽን ሞክሪ። ክንድሽ በራሱ የሚበር ይመስልሻል። ይኼ ሁሉ ድምፅ የሌለው ሥራ ነው። ጎረቤቶችሽ ምንም አይሰሙም።

አሁን ወደ ድምፅሽ። እዚህ ላይ ቆም እላለሁ፣ ምክንያቱም ምርጫውን የምታሸንፊው እዚህ ነው።

ድምፅሽ የሚዘጋው ድምፅ ስለሌለሽ አይደለም። በጉሮሮሽ ስለምትጮሂ ነው። የድምፅ አውታሮች ሁለት ትንንሽ ነገሮች ናቸው። አንገትሽን ወጥረሽ ስትጮሂ ይጋጫሉ፣ ይቆጣሉ፣ ያብጣሉ። ከዚያ ይጎረንናል ወይም ጭራሽ ይዘጋል። መፍትሔው ሥራውን ከአንገት አውርዶ ለሆድ መስጠት ነው።

ምንጣፍ ላይ በጀርባሽ ተኚ። ደብተርሽን እምብርትሽ ላይ አድርጊ። በአፍንጫሽ አየር ሳቢ። ደብተሩ ከፍ ማለት አለበት። ከፍ ያለው ደረትሽ ከሆነ አየሩን ከላይ ነው ያስቀረሽው። ደብተሩ ከፍ ዝቅ ማለት ሲለምድ «ሃ!» በይ፣ አጭርና ቁርጥ ያለ። ሆድሽ ወደ ውስጥ ሲመታ ይሰማሻል። አንገትሽን በእጅሽ ንኪው። ካልተወጠረ ትክክል ነሽ። ይህን ለ3 ቀን ተኝተሽ፣ ለ3 ቀን ቆመሽ ሥሪው። ከዚያ በኋላ ነው ቃል የምትጨምሪበት።

ሁለተኛው ስህተት ድምፅን ማቅጠን ነው። ልጆች ከሩቅ እንዲሰሙ ሲፈልጉ ያቀጥኑታል። ቀጭን ጩኸት ሜዳ ላይ ይበተናል፣ ቃሉም አይለይም። ስታወሪ ካለሽ ድምፅ ትንሽ ወፈር አድርጊው። እልልታን ለመጨረሻው አቆዪው፤ ጎል ሲገባ ይጠቅማል። ቃል ግን በእልልታ ቁመት አይነገርም።

ሦስተኛው የቃል ምርጫ ነው። ይኼ ከሌላ ቋንቋ የሚመጣ ትምህርት አይደለም፣ በአማርኛ ስናስጮህ የምንማረው ነው። እስቲ «በርታ» በይና መጨረሻውን ያዢው። «ታ» አፍሽን ይከፍተዋል፣ ትንፋሽሽ እስካለ ድረስ ይሄዳል። አሁን «ድል» በይና ያዢው። «ል» ላይ ምላስሽ መንገዱን ዘጋው። በራብዕ የሚያልቅ ቃል ሩቅ ይሄዳል። በሳድስ የሚያልቅ ቃል እግርሽ ሥር ይወድቃል። ስለዚህ የራስሽን ጩኸት እንድታዘጋጂ ከተጠየቅሽ የመጨረሻውን ቃል ክፍት አድርጊው። ለምሳሌ «ግባ! ግባ! ኳሷን ይዘህ ግባ!» ቀላል ነው። ሕዝቡ አንዴ ሰምቶ ይደግመዋል። እንቅስቃሴ የሚቆጠረው ከ1 እስከ 8 ነው፤ በዚህ 8 ቁጥር ውስጥም ይገባል። «ግባ» 1 ላይ፣ «ግባ» 3 ላይ፣ «ኳሷን» 5 ላይ፣ «ይዘህ» 6 ላይ፣ «ግባ» 7 ላይ። 8 ላይ ዝም ብለሽ ክንድሽን ሃይ ቪ ላይ ትቆልፊያለሽ። ያቺ ዝምታ ለሕዝቡ ናት፤ መልሱን የሚያቀብልባት።

ማውጣትና መቀበልን ደግሞ ታውቂዋለሽ። በእንቁጣጣሽ ከሰፈር ልጆች ጋር አደይ ይዘሽ ቤት ለቤት ዞረሽ ከሆነ አንዷ ስታወጣ ሌሎቹ ሲቀበሉ ኖረሻል። ጥሩ አውጪ ምን እንደምታደርግ አስታውሺ። ተቀባዮቹ ሳይጨርሱ አትጀምርም። ዓይኗ እነሱ ላይ ነው። ሲቀዘቅዙ ፊቷን ታበራለች፣ ትጠጋቸዋለች። ምርጫው ላይ ይህንኑ አድርጊ። ከዳኞቹ አንዱን ፊት ለፊት እዪና ጩኸትሽን ለእሱ ወርውሪ። ጣሪያ ወይም ጫማሽን አትዪ።

ድምፅሽን በቀን ከ10 ደቂቃ በላይ አታሠሪው። ውኃ ቀኑን ሙሉ ትንሽ ትንሽ እያልሽ ጠጪ። የዝንጅብል ሻይ ጉሮሮን ያለሰልሳል፣ ጠጪው። ግን የምንጠጣው ነገር የድምፅ አውታሮቹን በቀጥታ አይነካም፤ የሚያርሳቸው ሰውነትሽ ውስጥ ያለው ውኃ ነው። ምርጫው ሊደርስ አንድ ሰዓት ሲቀረው ብቻ ብትጠጪ አይጠቅምሽም። ከዘጋሽ ደግሞ ዝም በይ። ማንሾካሾክም ዕረፍት አይደለም፣ እሱም አውታሮቹን ያደክማል። መጎርነኑ ከ3 ሳምንት በላይ ከቆየ ሐኪም ይየው።

ወደ ዝላይ እንምጣ፣ ወደ ጎረቤቶችሽም።

የታች ቤት ሰዎች ልክ ናቸው። አንቺንም እየጠቀሙሽ ነው። ጣሪያቸው የሚንኳኳው ተረከዝሽ ቀድሞ ሲያርፍ ነው። እንዲህ ያለ አወራረድ ጉልበትሽንና ወገብሽን ይጎዳል። ዝላይ የሚለካው በአወራረዱ ነው። መጀመሪያ የእግርሽ የፊት ክፍል ይንካ፣ ከዚያ ተረከዝሽ፣ ጉልበትሽ ታጠፍ ይበል። ሁለቱ ጉልበቶች ወደ ውስጥ እንዳይጋጠሙ፤ በጣቶችሽ አቅጣጫ ይሂዱ። ድመት ከአጥር ስትወርድ አይተሻል። እሷን ያህል ዝም ብለሽ ውረጂ።

ቤት ውስጥ ግን ዝላዩን ተይው። በቤት ውስጥ ጉልበቱን ሥሪ። ግድግዳ ይዘሽ በእግር ጣቶችሽ 20 ጊዜ ከፍ ዝቅ በይ። ወንበር ላይ እንደምትቀመጪ ሆነሽ 15 ጊዜ ቁጭ ብድግ በይ። ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጪ፣ እግሮችሽን ክፈቺ፣ እጆችሽን በመሃላቸው መሬት ላይ ጫን አድርጊ፣ ሁለቱንም እግሮች ሳታጥፊ ከምንጣፉ ትንሽ አንሺ። ሦስተኛው ላይ ጭንሽ ይንቀጠቀጣል። ዝላይ ላይ እግርሽን ወደ ላይ የሚያመጣው ይኼ ጡንቻ ነው። የሚተጣጠፍ ሰውነት ያላቸው ግን ይህ ጉልበት የሌላቸው ልጆች ሲዘሉ እግራቸው ከወገብ በታች ይቀራል።

ዝላዩን ለመለማመድ ሣር ወይም አፈር ፈልጊ። መስቀል አደባባይ ከጠዋቱ 12 ሰዓት የሚሮጠው ሰው ብዙ ነው። ለትንፋሽሽ እዚያ ብትሮጪ ጥሩ ነው። ዝላይ ግን ኮንክሪት ላይ አይሁን። የትምህርት ቤታችሁ ሜዳ ካልተፈቀደላችሁ ቅዳሜ ጠዋት ከጓደኞችሽና ከአንድ ትልቅ ሰው ጋር ጃን ሜዳ መሄድ ይቻላል። ራቅ ይልሻል፣ ግን መሬቱ ይሻላል። በሳምንት 3 ቀን ይበቃል። በአንድ ቀን ከ20 ዝላይ አትለፊ። ከተማችን ከባህር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ነው ያለው። እዚህ አድገሽም ቢሆን እየዘለልሽ ስትጮሂ ትንፋሽ ያጥርሻል። ስለዚህ ከ3ኛው ሳምንት ጀምሮ ዝላይና ጩኸትን አንድ ላይ ተለማመጂ። ለብቻ ለብቻ የሚያምረው ነገር አንድ ላይ ሲሆን ይፈርሳል። ቀድመሽ ካፈረስሽው ምርጫው ላይ አይፈርስም።

የትኛውን ዝላይ? ሁለት ይበቁሻል። አንዱ ቀላሉ፣ እጅና እግር በአየር ላይ የሚከፈቱበት ስፕሬድ ኢግል ነው። ሁለተኛው ኸርኪ ነው። አንዱ እግር ቀጥ ብሎ ወደ ጎን ይወጣል፣ ሌላው ታጥፎ ወደ ኋላ ይቀራል። ስሙ የመጣው ከሎረንስ ኸርኪመር ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 የአሜሪካን ብሔራዊ የቺርሊደሮች ማኅበር ያቋቋመው ሰው ነው። ጓደኞችሽ ቲክቶክ ላይ የሚያዩት ቶ ተች ስሙ ያሳስታል። ቃሉ የእግር ጣትን መንካት ነው፣ ዝላዩ ግን እሱ አይደለም። ክንድሽ ቲ ላይ እንደተዘረጋ ይቆያል፣ ደረትሽ ቀና ይላል፣ እግሮችሽ ናቸው ወደ ክንድሽ የሚመጡት። እጇን ወደ እግሯ ለመላክ የምትጎነበስ ልጅ ዝላይዋን ራሷ ታሳጥረዋለች። 5ኛው ሳምንት ላይ ካልመጣልሽ ተይው። ንጹሕ ኸርኪ ከተበላሸ ቶ ተች ይበልጣል። ይህን የምለው እንደ ዳኛ ነው።

ስፕሊቱንም ጠይቀሻልና ዝም ብዬ አላልፈውም።

ከዓመታት በፊት አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ልጆች አሰለጥን ነበር። ምርጫ ሊደርስ 2 ቀን ቀርቶታል። እኔ ከአዳራሹ ጥግ ፍራሾቹን እየደረደርኩ ነው። አንዲት ልጅ ስፕሊት ልትወርድ ትንሽ ቀርቷታል፣ አንድ ስንዝር። ጓደኛዋ ልትረዳት ብላ ከኋላ ትከሻዋን ተጫነቻት። የተጎዳችው ልጅ በኋላ «ጨርቅ ሲቀደድ ዓይነት ድምፅ ነበር» አለችኝ። እኔ የሰማሁት ጩኸቷን ነው። የጭኗ የኋላ ጡንቻ ተጎድቶ ነበር። ምርጫውን በር ላይ ቆማ አየችው። «ማንም ማንንም አይጫን» ብዬ በመጀመሪያው ቀን መናገር ነበረብኝ፣ አልተናገርኩም። ከዚያ ወዲህ በየትኛውም ቡድን የመጀመሪያ ቀን የመጀመሪያ ቃሌ እሱ ነው። አንቺንም እለምንሻለሁ። ማንም አይጫንሽ።

ስፕሊቱን በዝግታ ሥሪው። ሁልጊዜ ከልምምድ በኋላ፣ ሰውነትሽ ሞቆ እያለ። አንድ ጉልበትሽን መሬት ላይ አድርገሽ ሌላውን እግር ወደ ፊት አውጪና ወገብሽን ወደ ፊት ገፋ አድርጊ፣ 30 ሴኮንድ ቁሚ። ከዚያ የፊተኛውን እግር ዘርግተሽ ደረትሽን ወደ እሱ አውርጂ፣ ሌላ 30 ሴኮንድ። በሁለቱም እግር 3 ጊዜ። መሳብ ደህና ነው፣ መውጋት ካለ ተመለሺ። ከልምምድ በፊት ደግሞ ቆሞ መሳሳብ ሳይሆን መንቀሳቀስ ነው የሚሻለው። ሶምሶማ፣ እግር ማወናጨፍ፣ ክንድ ማሽከርከር፣ 10 ደቂቃ። በ5 ሳምንት የት እንደምትደርሺ ሰውነትሽ ይወስናል። ምርጫው ላይ ስፕሊት ከተጠየቃችሁ እስከምትደርሺበት ውረጂ፣ ጀርባሽን ቀና አድርጊ፣ ክንድሽን ሃይ ቪ ላይ ቆልፊ፣ ፈገግ በይ። ግማሽ መንገድ ላይ አምሮ የቆመ ሰውነት ነጥብ አለው።

መገለባበጥና ሰው ትከሻ ላይ መውጣትን በተመለከተ አጭር ነኝ፤ ያለ አሠልጣኝ አይሆንም። አንዷን ወደ ላይ ለማንሳት ቢያንስ ሁለት ከሥር የሚሸከሙ፣ አንዷ ደግሞ ከኋላ ጭንቅላቷንና ትከሻዋን የምትጠብቅ ያስፈልጋል። የሰፈራችን የሰርከስ ልጆች ፒራሚድ ሲሠሩ ስታዪ ቀላል ይመስላል። ከጀርባው የዓመታት ልምምድና ሁልጊዜ የሚጠብቃቸው ሰው አለ። ጓደኞችሽ የአልጋ ፍራሽ አንጥፈው የሚገለባበጡ ከሆነ ይህንንም ንገሪያቸው። ለስላሳ ስፖንጅ እግርን ይውጥና ቁርጭምጭሚትን ያጣምማል። ጀማሪዎች በሚመረጡበት ምርጫ ላይ መገለባበጥ የግድ ነው ከተባላችሁ ማን እንደሚያስተምራችሁና ምን ዓይነት ምንጣፍ እንዳለ መጠየቅ መብታችሁ ነው።

ወለምታ ከደረሰብሽ እግርሽን ከፍ አድርገሽ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ 15 ደቂቃ ያዢበት። ወዲያው ወጌሻ ጋ ሄዶ መታሸት እብጠቱን ሊያባብስ ይችላል። ሰውነትሽን መሸከም ካቃተው ወይም አጥንቱ ላይ ሲነካ በጣም ካመመ ሐኪም ቤት ሄደሽ ራጅ ተነሺ።

ሌላ ብዙዎች የሚረሱት ነገር አለ። ምርጫው ላይ ያዘጋጀሽውን ብቻ አታሳዪም። አብዛኛውን ጊዜ እዚያው አዲስ ነገር ያስተምሯችኋል፣ ግማሽ ሰዓት ይሰጧችኋል፣ ከዚያ በሦስት በሦስት ያቆሟችኋል። ስለዚህ ቶሎ መያዝም ልምምድ ይፈልጋል። ከ2ኛው ሳምንት ጀምሮ የአጎትሽ ልጅም ትሁን ጓደኛሽ በቀን አንድ አዲስ የ8 ቁጥር እንቅስቃሴ ታሳይሽ። ሁለት ጊዜ ታሳይሽ፣ በሦስተኛው አንቺ ሥሪው። መጀመሪያ እግሩን ያዢ፣ ከዚያ ክንዱን፣ መጨረሻ ፊትሽን። ቁጥሩን በአፍሽ ቁጠሪ። በአማርኛ ስንቆጥር «ስድስት» ላይ ልጆች ይዘገያሉ፣ ቃሉ ረዘም ይላልና። ምቱ ግን አይጠብቅም። በየቁጥሩ መካከል ያለው ርቀት እኩል እንዲሆን በጭብጨባ ተለማመጂ። መምህራችሁ በእንግሊዝኛ «ፋይቭ፣ ሲክስ፣ ሰቨን፣ ኤይት» ብለው ቢያስጀምሩም ግራ አይግባሽ፣ በሁለቱም ልመጂው።

ስለ እናትሽ። «ምን ይሉሻል» ሲሉ ሁለት ነገር ፈርተው ይሆናል፤ ልብሱንና ጉዳቱን። ለሁለቱም መልስ ይዘሽ ቅረቢ። መምህራችሁን ጠይቂና ምን እንደሚለበስ እወቂ። ቱታና ሰፋ ያለ ቲሸርት ለልምምድ በቂ ነው፣ ለብዙ ትምህርት ቤት ቡድኖችም እንደዚያው። አጭር ቀሚስ የስፖርቱ ግዴታ አይደለም። ማን እንደሚያሠለጥናችሁ፣ በስንት ሰዓት እንደሚያልቅ፣ በምን ወደ ቤት እንደምትመለሺ ንገሪያቸው። ዓለም አቀፉ የቺር ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2021 ከዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ሙሉ እውቅና ማግኘቱንም ንገሪያቸው፣ ስፖርት መሆኑን እንዲያውቁ። ከሁሉ በላይ ግን አንድ ቀን ማታ ሳሎን ውስጥ ጩኸትሽን ከእነ ክንዱ አሳዪያቸው። እናቶች ልጃቸው በሥርዓት ስትሠራ ካዩ ሐሳባቸው ይለወጣል። ካልተለወጠም አትዋሺያቸው። መምህርቷን ወይም መምህሩን እንዲያነጋግሩ ጠይቂ።

ምግብ ላይ የተለየ ነገር አያስፈልግሽም። ቂንጬ፣ ፍርፍር፣ እንቁላል በዳቦ፣ ያለውን ብዪ፣ ግን ቁርስ አትዝለዪ። ከልምምድ በፊት ሙዝ ወይም አንድ ብርጭቆ በሶ ጥሩ ነው። ጾም ላይ ከሆንሽ በሶው፣ ሽሮው፣ ምስሩ ይበቃሻል። እስከ 9 ሰዓት የምትቆዪ ከሆነ ወይም ረመዳንን የምትጾሚ ከሆነ ዝላዩን በባዶ ሆድ አታድርጊው፤ በልተሽ፣ ውኃ ጠጥተሽ፣ ሁለት ሰዓት ያህል ቆይተሽ ጀምሪ። በባዶ ሆድ ሰዓት ክንዱንና ቁጥሩን ሥሪ። ክብደት ለመቀነስ ብለሽ ግን ምግብ እንዳትተዪ። በዕድሜሽ ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልጋል። ቲክቶኩን ከምሽቱ 4 ሰዓት በፊት ዝጊው።

የመጨረሻዎቹን 2 ቀናት አዲስ ነገር አትሞክሪ። ያለሽን ብቻ ቀለል አድርገሽ ድገሚ። ድምፅሽን አሳርፊ።

በዕለቱ ጠጉርሽን ከፊትሽ ላይ ሰብስበሽ ሥሪው ወይም ሹሩባ ተሠሪ። የጆሮ ጌጥና አምባር አውልቂ። ጫማሽ የለመድሽው ይሁን፣ አዲስ አይሁን። ግማሽ ሰዓት ቀድመሽ ድረሺ፣ ወደ ሜክሲኮ የሚሄደው የታክሲ ሰልፍ አይታመንም። ሲያስተምሯችሁ ከኋላ አትደበቂ፣ ፊት ለፊት ቁሚ። ሌላዋ ስትፈተን አጨብጭቢላት። እኛ ወንበር ላይ ያለነው የቆመችውን ብቻ ሳይሆን የተቀመጡትንም እናያለን።

ቁጥርሽ ሲጠራ በእርምጃ ግቢ። እግሮችሽን ገጥመሽ፣ እጆችሽን ከጎንሽ አድርገሽ ቁሚ። አየር ወደ ሆድሽ ሳቢ። ስምሽንና ክፍልሽን ደብተሩ እምብርትሽ ላይ እንዳለ አድርገሽ ተናገሪ። መሃል ላይ ብትረሺ ክንድሽን ሃይ ቪ ላይ ቆልፊና በልብሽ ቁጠሪ። የሚቀጥለው 1 ሲመጣ ከሌሎቹ ጋር ግቢ። አንገትሽን አትነቅንቂ፣ ምላስሽን አታውጪ፣ «ይቅርታ» አትበዪ። እንቅስቃሴውን የማያውቅ ሰው መርሳትሽን አያውቅም። ስትጨርሺ የመጨረሻውን ክንድ 2 ቁጥር ያህል ያዢው። ከዚያ አውርጂው፣ «አመሰግናለሁ» በይ፣ በገባሽበት እርምጃ ውጪ።